«የትኛውን መመለሴን?»፦ ከስደት ስለተመለሱ ሴቶች ስለምናካሂደው ጥናት

ለማስተርስ ድግሪ ማሟያ ጥናቴ ያዘጋጀሁት መጠይቅ አራተኛ ጥያቄ «ከስደት ከተመለሱ ምን ያህል ጊዜ ሆነዎት?» የሚል ነበር። ከሥሩ አራት ሳጥኖች አሉ፦ ከስድስት ወር በታች፣ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት፣ ከሦስት ዓመት በላይ። ደቡብ ወሎ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ በሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ጥያቄውን ሳነብላት፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትርቀውን ሴት በ«እርስዎ» መጠየቋ መጀመሪያ አሳቃት። ቀጥላ ግን ፊቷን ሰብሰብ አድርጋ፣ «የትኛውን መመለሴን ነው የምትጠይቂኝ?» አለችኝ። መጀመሪያ ከቤይሩት፣ ከዚያ ከሪያድ፣ በመጨረሻም ከጅዳ ተመልሳለች። አንዱን ኮንትራቷን ጨርሳ፣ ሁለተኛውን ተይዛና ተባርራ፣ ሦስተኛውን ደግሞ እናቷ ታምማባት። መጠይቁ ለሦስቱም የሰጣቸው አንድ ሳጥን ብቻ ስለነበር የመጨረሻውን መዝግቤ ወደ አምስተኛው ጥያቄ አለፍሁ።

ይህ ጽሑፍ የጥናቴ ውጤት ሪፖርት አይደለም፤ ያ ገና በሥራ ላይ ነው። እዚህ ላይ ማንሳት የምፈልገው ከዚያች ሳጥን የጀመረ አንድ ቅሬታ ነው፤ ቅሬታውም በቅድሚያ በራሴ ላይ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ከዓረብ አገሮች ስለሚመለሱ ሴቶች የሚጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች ቁጥራቸው እየበዛ መጥቷል። በሶሺዮሎጂ፣ በሥርዓተ ጾታ ጥናት፣ በሶሻል ወርክና በሕግ ትምህርት ክፍሎች መደርደሪያ ላይ ያልተደረደሩበት ዓመት የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም አብዛኞቻችን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ እዚያ ምን ደረሰባት? እዚህስ ምን ተደረገላት? በሁለቱ መካከል ያለው ጥያቄ፣ ማለትም የተመለሰችበት ቤት የማን ነው የሚለው፣ ሳይጠየቅ ያልፋል። በእኔ እምነት የመመለስም ሆነ የቤተኝነት ጉዳይ የሚቋጠረውና የሚፈታው እዚያ ላይ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። «ተመላሽ» የሚለው የመሥሪያ ቤት አማርኛ በፈቃዱ የመጣውንና ተገዶ የተላከውን አይለይም። «ተመለሰ» የሚለው ግሥም ቢሆን በራሱ እግር ለመጣውም፣ ሌላ ሰው ለመለሰውም ያገለግላል። በሒሳብ ክፍል «ተመላሽ» ሲባል ደግሞ ወጪ ሳይሆን የቀረ ገንዘብ ማለት ነው። ለአንድ የበጀት ርዕስ የሚመች ቃል ለአንድ የጥናት ፅንሰ ሐሳብ ላይመች ይችላል፤ እኛ ግን ከቅጹ ላይ እንዳለ ወስደን የጥናታችን ርዕስ አደረግነው። ነገሩን የሚያባብሰው ደግሞ በአካባቢው ንግግር ቃሉ የሚያመለክተው አቅጣጫ የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። አንዲት ሴት ከጅዳ በመጣች በሁለተኛው ወር ጎረቤቶቿ «መቼ ነው የምትመለሺው?» እያሉ ይጠይቋታል። እነርሱ መመለስ የሚሉት ወደ ጅዳ መሄዷን ነው። ካነጋገርኋቸው ሴቶች ይህ ጥያቄ ያልደረሳት አንዲትም አላገኘሁም። አንዷ፣ «ሻንጣዬን ገና ሳልፈታ ነው የጠየቁኝ» ብላኛለች።

ቁጥሩም ቢሆን ከምስሉ ጋር አይገጥምም። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ለሌላቸው የውጭ ዜጎች የሰጠው የምሕረት ጊዜ ሲያበቃ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተልከዋል። ያን ጊዜ በጋዜጣውም በቴሌቪዥኑም የታየችን በነጠላ የተከናነበች፣ የምታለቅስ ወጣት ሴት ነበረች። ሆኖም ከተመላሾቹ የሚበልጡት ወንዶች ነበሩ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትም አብረው መጥተዋል። ይህ የሆነበት ምክንያት ራሱ ሥርዓተ ጾታዊ ነው። ብዙ ወንዶች በጂቡቲና በየመን በኩል ባሕር ተሻግረው ያለ ወረቀት የገቡ፣ በግንባታ፣ በእርሻና በከብት ጥበቃ የሚሠሩ በመሆናቸው በመንገድና በሥራ ቦታ ይያዛሉ። ብዙ ሴቶች ግን በአውሮፕላን በኮንትራት የሄዱ፣ ኢቃማቸው በአሠሪያቸው እጅ ያለ፣ ከቤት የማይወጡ ናቸው። ከፋላ የሚባለው የዋስትና ሥርዓት ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር ስለሚያስር፣ ያ ያሠራት ገመድ ከፖሊስ አፈሳም ይጋርዳታል። ከአሠሪዋ ቤት በጠፋችበት ቀን ግን ሕገ ወጥ ትሆናለች። በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው ዳግመኛ ዘመቻ ብዙ መቶ ሺህ ሰው መልሷል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ 100 ሺህ ያህል ዜጎችን ለመመለስ ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ ወንዶቹ ተመላሾች የተጻፈው ጥቂት ነው። ሴቷን ተጠቂ፣ ወንዱን ዕድለ ቢስ ብለን ከፋፍለን ስናበቃ፣ ሁለቱም ስለሚመለሱበት ቤት መጠየቅ ተረሳን።

የመመለስን ነገር ከሠሩ ሊቃውንት አንዱ አልፍሬድ ሹትዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው አጭር ጽሑፉ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ከባዕድ አገር እንግዳ በምን እንደሚለይ ያስረዳል። እንግዳው የማያውቀው ቦታ እንደሚገባ ያውቃል፤ ተመላሹ ግን የሚያውቀው ቦታ የሚገባ ይመስለዋል። ሁለቱም መለወጣቸውን፣ እርሱም ቤቱም፣ የሚረዳው ከደረሰ በኋላ ነው። ሹትዝ ሐሳቡን የሚጀምረው በኦዲሴየስ ሲሆን፣ በአእምሮው ያለው ግን ከጦርነት የሚመለሰው ወታደር ነው። ሁለቱም ወንዶች ናቸው፤ በሁለቱም ታሪክ እቤት ሆና የምትጠብቅ ሴት አለች። በእኛ ጉዳይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ተጓዧ ሴት ስትሆን ጠባቂው ወንድም፣ አባት ወይም ባል ነው። ጰነሎጵ ባሏን ስትጠብቅ ቀን የሸመነችውን ሌሊት ትፈታ ነበር ይባላል። የእኛው ጠባቂ ግን የሚሸምን ሳይሆን የተላከለትን የሚቀበል ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም ቤቱ የተለወጠው በጊዜ ብቻ ሳይሆን በራሷ ገንዘብ ነው።

አብደልማሌክ ሳያድ ስለ አልጄሪያውያን ስደተኞች ሲጽፍ «ድርብ አለመኖር» ብሎ የጠራው ነገር ለብዙዎቻችን የሚመች ጥቅስ ሆኗል፤ ስደተኛው ከሁለቱም አገር የጎደለ ነው ማለቱ ነው። ዣን ፒየር ካሳሪኖ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ባቀረበው ሐሳብ፣ የመመለስ ስኬት በተመላሹ ዝግጅት ይወሰናል ይላል፦ ፈቃዱ ነበረ ወይ? የሚያስፈልገውን ሀብትስ አስቀድሞ አሰባስቧል ወይ? ማሪና ዴ ሬኽትና መዳረሻው ታፈሰ ከሳዑዲ ዓረቢያ በተባረሩት ላይ የሠሩት ጥናት፣ ሰዎቹ የስደትን መልካም ጎን ሳያዩ መመለሳቸውን ማሳየቱ በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ነው። እነዚህ ሐሳቦች ጠቃሚ ናቸው። በእኛ በተማሪዎች እጅ ሲገቡ ግን ወደ አንዲት ጥያቄ ይጠባሉ፦ «ጥሪት ይዛ መጥታለች ወይስ ባዶ እጇን?» ሦስት ጊዜ የተመለሰችው ሴት ለዚህም ጥያቄ የሚሆን ሳጥን የላትም። ጥሪቱን ይዛ አልመጣችም፤ ከእርሷ ቀድሞ መጥቷል፤ ቆርቆሮ ለብሶ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ፣ በወንድሟ ስም ካርታ ወጥቶለት ቆሟል።

ስለዚህ ቤት በዝርዝር መናገር እፈልጋለሁ። የምነግራችሁ በማውቀው ልክ ነው፤ ለሁሉም ይሠራል አልልም። አንዲት ያላገባች ልጅ ስትሄድ የራሷ የባንክ ሒሳብ የላትም። ገንዘቡን በስማቸው የምትልክላቸው አባቷ ወይም ታላቅ ወንድሟ ናቸው። መጀመሪያ የደላላው ዕዳ ይከፈላል፤ ቀጥሎ የታናናሾች የትምህርት ቤት ወጪ፣ የአባት ሕክምና፣ የሠርግና የለቅሶ ወጪ ይመጣል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ቤት ይጀመራል። ቤቱ የሚሠራው በገጠር ከሆነ በቤተሰቡ ይዞታ ላይ ነው፤ የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ እንዲሰፍር መደረጉ ለብዙ ሚስቶች ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ለልጅ ግን በዚያ ደብተር ላይ ፎቶግራፍ የለም። በከተማ ከሆነ ቦታው የሚገዛው በተገኘው ሰው ስም ነው፤ የተገኘው ደግሞ ወንድም ነው። ልጅቷ በስልክ በኩል የመሠረቱን ፎቶ፣ ቀጥሎ የግድግዳውን፣ ቀጥሎ የጣሪያውን ታያለች። የሳሎኑን ቀለም የመረጠችው ራሷ እንደሆነች የነገረችኝ አለች። ስትመጣ ያ ሳሎን የወንድሟ ሙሽራ ሳሎን ሆኖ ጠበቃት፤ እርሷ የተኛችው ፍራሽ ተነጥፎላት፣ በእንግዳ ክፍል ነው።

ይህን በሕግ ዓይን ስናየው ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። ባለትዳሯ ሴት ከላጤዋ የተሻለ መሠረት አላት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በትዳር ወቅት በግል ጥረት የሚገኝ ገቢ የጋራ ነው ይላል፤ ንብረቱ በአንደኛው ተጋቢ ስም ቢመዘገብ እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ እንደሆነ ይገምታል። ስለዚህ ባሏ በስሙ ያሠራው ቤት ቢያንስ በመርህ ደረጃ ግማሹ የእርሷ ነው። ላጤዋ ግን ለወንድሟ የላከችው ገንዘብ ምን ነበር? ስጦታ ነው? ብድር ነው? አደራ ነው? ስትልክ ማንም ይህን አልጠየቃትም፤ ብትጠየቅም «ለቤቴ ነው የላክሁት» ከማለት በቀር መልስ አልነበራትም። ብድር ነው ብትል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472 ይገጥማታል። ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ ማመን ወይም መሐላ ብቻ ነው ይላል። (500 ብር በ1952 ዓ.ም. ምን ያህል ገንዘብ እንደነበረና ዛሬ ምን እንደሚገዛ ማሰቡን ለአንባቢ እተዋለሁ።) ከእናቷ ልጅ ጋር የብድር ውል የምትፈራረም እህት የት አለች? ብትኖርስ በመንደሩ ምን ትባላለች?

የሐዋላ ደረሰኝ አይበቃምን ብዬ ጠይቄ ነበር። እዚህ ላይ ሌላ ውስብስብ ነገር ይመጣል፤ እርሱም የስም ጉዳይ ነው። ወደ ሳዑዲ ለመሄድ የክርስቲያን ስማቸውን በሙስሊም ስም ለውጠው ፓስፖርት ያወጡ ሴቶች መኖራቸው የታወቀ ነው። ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች በፓስፖርት ላይ ዓመት ተጨምሮላቸው መሄዳቸውም እንዲሁ። አንዲት የጥናቴ ተሳታፊ በሪያድ ለሰባት ዓመት የተጠራችበት ስም በቀበሌ መታወቂያዋ ላይ የለም። ደረሰኞቿን በላስቲክ ጠቅልላ አምጥታ አሳየችኝ፤ ሁሉም በዚያ በሌላው ስም የተጻፉ ናቸው። «ይቺ እኔ መሆኔን የሚያውቁት ማዳምና እናቴ ናቸው» አለችኝ። የሁለት ስሞችን አንድነት ማስመስከር በሕግ ይቻል ይሆናል። ግን ምስክር የሚሆኗት እነማን ናቸው? እነዚያው ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ናቸው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የመቆጣጠር መብት እንዳላቸው መደንገጉን ሁላችንም በመመረቂያ ጽሑፋችን መግቢያ ላይ እንጠቅሳለን። እኔም ጠቅሻለሁ። የመብቱ መኖር አያከራክርም። ነገር ግን ካነጋገርኋቸው ሴቶች አንዲትም ወንድሟን ስለ መክሰስ አላሰበችም። «ከሰስኩት እንበል፤ ከዚያ በኋላ ለማን ልኖር ነው?» የሚል መልስ ያገኘሁት ከአንድ ሴት ብቻ አይደለም። ይህን መልስ እንደ ንቃተ ሕግ ማነስ የሚመዘግብ ጥናት አንብቤያለሁ። እኔ ግን ከዚያ የከበደ ነገር አየሁበት። ቤቱን ብታስመልስ ቤተሰቡን ታጣለች፤ ቤተሰቡን ብትይዝ ቤቱን ታጣለች። ሒሳቡን በሚገባ ሠርታዋለች።

የውጭው ሥነ ጽሑፍ ስለዚህ ስሜት የሚጠቀምበትን ቃል አንዳንዶቻችን «አባልነት»፣ ሌሎቻችን «የእኔነት ስሜት» እያልን እንተረጉማለን። እኔ «ቤተኝነት» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ቃሉ የራሳችን ከመሆኑም በላይ ነገሩን ከሥሩ ይይዘዋል። ቤተኛ የሚባለው ሳይጠራ የሚገባ፣ ውኃ ሲጠማው ራሱ ቀድቶ የሚጠጣ፣ ለቡና ሲጠራሩ የማይረሳ ሰው ነው። ኒራ ዩቫል ዴቪስ ቤተኝነትን በሦስት ደረጃ ታየዋለች፦ ሰው በማኅበራዊ አቋም የተቀመጠበት ስፍራ፣ ስሜታዊ ትስስሩ፣ እንዲሁም ማኅበረሰቡ ማን የእኛ ነው ማን አይደለም ብሎ የሚመዝንበት እሴት። ሦስተኛው ለእኛ ጥናት ወሳኝ ይመስለኛል። ተመላሿን የሚመዝኑባት ነገሮች የማይያዙ ናቸው፤ አማርኛዋ ውስጥ «ያላ» እና «ኻላስ» ጣል ጣል ማድረጓ፣ ሩዝ ማብዛቷ፣ በጠዋት አለመነሳቷ፣ ሰው ሲመጣ ዓይን ለዓይን ማየቷ። የምታወጣው ገንዘብ ካላት «የአረብ አገር ብር ነው» ይባላል፤ ከሌላት «የት አባቷ አደረሰችው?» ይባላል። ስለ ድንግልና የሚወራውን አልጽፈውም፤ እርሷ ፊት ግን ይወራል። ልጅ ይዛ የመጣች እንደሆነ ደግሞ ወሬው ከእርሷ አልፎ ወደ ልጁ ይተላለፋል። ከወንዱ የሚጠየቀው «ምን ይዘህ መጣህ?» የሚለው ብቻ ነው። ያም ቀላል አይደለም፤ ባዶ እጁን የመጣ ወንድ ከቤት ሳይወጣ ወራት እንደሚቆይ አይቻለሁ። ክብሩ የሚመዘነው ግን በኪሱ እንጂ በገላው አይደለም።

ተከራካሪ ይህን ሊለኝ ይችላል፦ ሴቶቹ ተደብድበው፣ ደመወዝ ተከልክለው፣ አንዳንዶቹም አእምሮአቸው ታውኮ ሲመጡ አንቺ ስለ ሳሎን ቀለም ታወሪያለሽን? ክርክሩ ክብደት አለው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝና የሊባኖስ የኢኮኖሚ ቀውስ ሲገጣጠሙ፣ ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ አሠሪዎቻቸው የጣሏቸው ሴቶች አስፋልት ላይ ሲያድሩ ዓለም አይቷል። ያንን የመዘገቡ ሰዎች ሥራ ባይኖር ከፋላን በስሙ የሚጠራው ባልኖረ ነበር። ስለ ግፍ መጻፍ ይቁም እያልሁ አይደለም።

የምለው፣ ግፍን ብቻ ስንጽፍ የሚከተለው ነገር አለ ነው። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ስምሪት በጠቅላላው ሲያግድ፣ የቀረበው ምክንያት ዜጎችን ከጥቃት መጠበቅ ነበር። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። በእነዚህ ዓመታት መሄዱ አልቆመም፤ የሄዱት ግን ያለ ውልና ያለ ምዝገባ፣ በደላላና በባሕር ሄዱ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ደግሞ ቢያንስ 8ኛ ክፍል ማጠናቀቅንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን ጠየቀ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ያዘጋጁት ሰዎችም የመዘገብነውን ግፍ አንብበዋል። ነገር ግን 8ኛ ክፍል ሳትደርስ ትምህርት ያቋረጠችው ማን ናት? ከወንድሞቿ ይልቅ እርሷ ናት፤ ለመሄድ የቸኮለችውም እርሷው። ተጠቂ ብቻ አድርገን የሣልናት ሴት የሚገባት ጥበቃ ከቤት አለመውጣት እንደሆነ ይታሰባል። ቤቱ ጥበቃ መሆን አለመሆኑን የሚጠይቅ ምዕራፍ ግን በጽሑፎቻችን ውስጥ የለም። ቢና ፈርናንዴዝ እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች ባሳተመችው መጽሐፍ የሴቶቹን ወሳኝነትና በማኅበረሰቡ ላይ ያመጡትን ለውጥ ርዕሷ ማድረጓ ለዚህ ጥሩ ማረሚያ ነው፤ በእኛ ንባብ ውስጥ ግን ገና የሚገባውን ቦታ አላገኘም።

አሁን ወደ ራሳችን አሠራር ልግባ፤ የጽሑፌ ዋነኛ ዒላማም ይኸው ነው። ተሳታፊዎቻችንን የምናገኘው የት ነው? ከወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የስም ዝርዝር ነው። በዝርዝሩ ላይ ያለችው ለእርዳታ የተመዘገበችው ናት። ዳግመኛ የሄደችው የለችም። ሱቅ ከፍታ፣ አግብታ፣ «ተመላሽ» መባልን የማትፈልገውም የለችም። እኛ ግን የቀሩትን ጠይቀን «አብዛኞቹ ተመላሾች» ብለን እንጽፋለን። ቃለ መጠይቁ የሚካሄደውም ብዙ ጊዜ እዚያው ቢሮ ነው። ሴቲቱ በዚያ ቢሮ ታሪኳን ለድጋፍ ሰጪ ድርጅቶች ደጋግማ ተናግራለች፤ የትኛው ክፍል ላይ ብዕር እንደሚንቀሳቀስ ታውቃለች። አንዷ ታሪኳን ልትጀምር ስትል ቆም ብላ «ረጅሙን ነው ወይስ አጭሩን?» አለችኝ። ትዋሻለች ማለቴ አይደለም። የምንሰማው ታሪክ ከእኛ በፊት በነበሩት ጠያቂዎች የተቆረጠና የተሰፋ ነው ማለቴ ነው።

የራሴን ስሕተትም ልናዘዝ። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲትን ልጅ በቤቷ ሳነጋግር እናቷ ቡና እያፈሉ አጠገባችን ነበሩ። ቅጹ እንዳዘዘኝ «በአሠሪዎ ቤት ጾታዊ ጥቃት ደርሶብዎታል?» ብዬ አነበብሁ። ልጅቷ «የለም» አለች። እናትየው ሲኒውን አስቀምጠው ወደ ጓዳ ገቡ። ልጅቷ ለቀረው ጊዜ በአንድ ቃል ብቻ መለሰችልኝ። በመረጃ ቋቴ ውስጥ ያ «የለም» አሁንም እንደ «የለም» ተመዝግቧል። የሥነ ምግባር ኮሚቴው የሰጠኝ የፈቃድ ቅጽ ላይ ፊርማዋ አለ፤ ሁሉም ነገር በደንቡ ተሟልቷል። ወደዚያ ቤት ተመልሼ አልሄድሁም።

ስለ መልሶ ማቋቋም ሥልጠናዎች ብዙ ተጽፏልና አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ፦ ሴቶቹ የሚደራጁበት ሙያ ብዙ ጊዜ የፀጉር ሥራ፣ የምግብ ዝግጅትና የዶሮ እርባታ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ የዋሉ ሽማግሌ ያስታመመች፣ መድኃኒት በሰዓቱ የሰጠች፣ በዓረብኛ ከሐኪም ጋር የተነጋገረች ሴት በቅጹ ላይ «ሙያ፦ የላትም» ተብላ ስትመዘገብ አይቻለሁ። የመዘገባት ሰው ክፉ አይደለም፤ ቅጹ ላይ ለዚያ የሚሆን ቦታ የለም። ሳጥን የሠራነው እኛ ብቻ አለመሆናችን ትንሽ አጽናንቶኛል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በበኩሌ መጠይቄን በመቀየር ጀምሬያለሁ። «መቼ ተመለሱ?» የሚለው «ስንት ጊዜ ሄደው ስንት ጊዜ ተመለሱ? እያንዳንዱስ እንዴት ነበር?» በሚል ተተክቷል። ገንዘቡ በማን ስም እንደተላከ፣ በማን ስም እንደተገዛ፣ ዛሬ ማን እንደሚኖርበት የሚጠይቁ ስድስት ጥያቄዎች ጨምሬያለሁ። ለእነዚህ ስድስት ጥያቄዎች ያገኘሁት መልስ ከቀሩት አርባ ጥያቄዎች የበለጠ አስተምሮኛል። ወንድሞችንና አባቶችንም ማነጋገር ጀምሬያለሁ። ይህ አስቀድሞ ሊታሰብ ሲገባው ዘግይቶ የመጣልኝ ነው። ከወንድሞቹ አንዱ፣ «እኔ ባልኖር ቤቱ ይቆም ነበር ወይ? አሸዋውን ማን አስጫነ? ከአናጺው ጋር ማን ተጨቃጨቀ?» ብሎኛል። ይህም እውነት አለው፤ የእርሱ ድካም በሐዋላ ደረሰኝ ላይ አይታይም። ስለ ሴቶች የምንጽፍ ተማሪዎች ቤቱን ከሁለቱም በር ገብተን ካላየነው፣ ወንድምየውን ሌባ፣ እህቲቱን ምስኪን አድርገን እንጨርሳለን።

ለትምህርት ክፍሎቻችንም አንድ ጥያቄ አለኝ። የሕግ ተማሪው ስለ አንቀጽ 2472፣ የሶሺዮሎጂ ተማሪዋ ስለ ወሬው፣ የሶሻል ወርክ ተማሪው ስለ ሥልጠናው ለየብቻ ሲጽፉ ሦስቱም ወደ አንድ ወረዳ ሄደው አንዲቱን ሴት ለየብቻ ይጠይቃሉ። ሦስት ጊዜ ታለቅሳለች። ቢያንስ የመስክ ሥራውን በጋራ ማቀድ፣ ቀደም ሲል የተሰበሰበውን ቃለ መጠይቅ ስም ሸፍኖ መጋራት ለምን አይቻልም? ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጠየቅንስ ለምን የሥራው አካል አናደርገውም? ለማስተርስ ጥናት የሚሰጠው ጊዜ አጭር መሆኑን አላጣሁትም። ግን የሚቀጥለው ተማሪ ካለፈው ተማሪ ተቀብሎ ሊቀጥል ይችላል። መመለስን የሚያህል ረጅም ነገር በአንድ የክረምት ወር ጉብኝት መለካት አይቻልም።

ሦስት ጊዜ የተመለሰችውን ሴት በቅርቡ ለማረጋገጫ ጥያቄዎች ደወልሁላት። ስልኳን ያነሳችው ታናሽ እህቷ ናት። «ሄዳለች፤ አሁን ኩዌት ናት» አለችኝ። በናሙናዬ ውስጥ «ተመላሽ» ተብላ ተመዝግባለች። በሠንጠረዡ ላይ የት እንደምትቀመጥ ከአማካሪዬ ጋር እስካሁን አልተስማማንም፤ እርሳቸው ትውጣ ይላሉ፣ እኔ ትቆይ እላለሁ።